መሬቱ የሕዝብ ከሆነ ቤቱስ የማን ይሁን?

የምኖርበት ሕንፃ ስሙ ከበሮ ኮርት ነው። ሲያትል ከተማ ውስጥ፣ የስለር ቴራስ በሚባለው ሰፈር፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ተሠርቶ ያለቀ ባለ 103 ቤት ሕንፃ ነው። ስሙን የወሰደው ከእኛው ከበሮ ነው፤ በሰፈሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ብዙ ነን። ከደጃፉ ወጣ ብዬ ወደ ምዕራብ ስመለከት የመሐል ከተማው ፎቆች ፊት ለፊቴ ተገትረዋል። የምሠራበት ሀርበርቪው ሆስፒታል በእግር የሚደረስ ስለሆነ ከሌሊት ተራ ስወጣ አውቶቡስ አልጠብቅም። ትራሙ በሰፈሩ መሐል ያልፋል።

ቦታው ውድ ነው። ከእኛ ጥቂት መንገድ ተሻግሮ ባሉት አፓርታማዎች የሚኖሩት በኮምፒውተር ሥራ ደኅና ደመወዝ የሚያገኙ ወጣቶች ናቸው። የእኔ ኪራይ ግን የሚሰላው በገቢዬ ነው፤ ከማገኘው 30 በመቶ ያህሉ። የሥራ ሰዓት ሲቀነስብኝ ኪራዩም ዝቅ ይላል፤ ሲጨመርልኝ ከፍ ይላል። እዚያው ሕንፃ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ገቢ ያላቸው፣ በሌላ ተመን የሚከፍሉ ጎረቤቶችም አሉኝ። በአሳንሰር ውስጥ ስንገናኝ ማን ስንት እንደሚከፍል አይታወቅም።

ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የሚመጡ ዘመዶቼ ይህን ሲሰሙ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «እንዴት ብለው ነው እዚህ ቦታ ላይ ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ያስቀመጡት? ሸጠውት ቢሆን ስንት ያወጣ ነበር!» እኔ ደግሞ «መሬቱ የሕዝብ ስለሆነ ነው» እላለሁ። ባለቤቱ የሲያትል ቤቶች ባለሥልጣን የሚባል የሕዝብ ተቋም ነው። ነገር ግን መልሴ ሙሉ እንዳልሆነ እኔው አውቀዋለሁ። እናቴ የኖረችበት የአዲስ አበባው ልደታ መሬትም የሕዝብና የመንግሥት ነበር። እሷ ግን ዛሬ ልደታ አትኖርም። ሁለቱም መሬቶች ከከተማ እምብርት፣ ሁለቱም ከግል ባለቤት ውጭ፤ ታዲያ አንዱ ነባር ነዋሪውን መልሶ ሲያስገባ ሌላው ለምን አላስገባም? የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

የስለርን ታሪክ ያለ እንከን አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። ሰፈሩ ራሱ የተመሠረተው በማፍረስ ነው። ኮረብታው ላይ ቀድሞ ያረጁ የእንጨት ቤቶች ነበሩ፤ ከነዋሪዎቹም ብዙ ጃፓናውያን ስደተኞች ይገኙበታል። የቤቶች ባለሥልጣኑ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲቋቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ጄሲ ኤፕስታይን ቤቶቹን አንሥቶ የስለር ቴራስን ሠራ፤ በ1941 ሰዎች ገቡበት። ጥቁርና ነጭ በየፊናቸው በሚሰፍሩበት በዚያ ዘመን ኤፕስታይን ሁሉንም ዘር ቀላቅሎ አስገባ፤ የስለርም በአሜሪካ ዘር ሳይለይ ያስገባ የመጀመሪያው የመንግሥት መኖሪያ ሰፈር ተባለ። ለመግባት ግን ዜግነት ይጠየቅ ነበር፤ ከጃፓን የመጡት ወላጆች ደግሞ በዚያን ጊዜ ሕግ ዜጋ መሆን አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ ከኮረብታው ከተነሡት መካከል ወደ አዲሱ ሰፈር የመግባት ዕድል ከመጀመሪያው የተነፈጋቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ደግሞ አይ-5 የተባለው አውራ ጎዳና ሲዘረጋ የሰፈሩን አንድ ወገን ጠርቦ ወሰደው። እኔ ስደርስ የቀሩት 561 ቤቶች ነበሩ።

ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ እርስ በርስ የተያያዙ ባለ ሁለት ደርብ ቤቶች ነበሩ። እያንዳንዱ ቤት ትንሽ ጓሮ ነበረው። እኔ ጎመንና ጤና አዳም እተክል ነበር፤ ቬትናማዊቷ ጎረቤቴ ደግሞ ስሙን እስከ ዛሬ የማላውቀው ቅጠል ታበቅል ነበር፤ በአጥር ላይ እንለዋወጣለን። ያ ጓሮ ዛሬም ይናፍቀኛል። ቤቶቹ ግን አርጅተው ነበር። የውኃና የፍሳሽ መስመሩ እ.ኤ.አ. የ1940ዎቹ ነው፤ በጥገና የሚገፋው ዘመን እያለቀ ነበር።

እዚህ ላይ ባለሥልጣኑ የነበረው ምርጫ በየትም ከተማ ያለ ምርጫ ነው። ከመሐል ከተማው ተጣብቆ 30 ኤከር የሚሆን፣ ማለትም ወደ 12 ሄክታር፣ የሕዝብ መሬት አለ። በውድ ዋጋ ሸጦ፣ በገንዘቡ ከከተማ ርቆ ርካሽ መሬት ላይ ብዙ ቤት መሥራት ይቻላል። በወረቀት ላይ ይህ አሳማኝ ሒሳብ ነው፤ በአንድ መሐል ከተማ ቤት ዋጋ ዳር ላይ ሁለት ሦስት ይሠራል። ሒሳቡ የሚዘለው ግን አለ፤ ሰውየው ሥራው ጋ የሚደርስበትን ሰዓት፣ የታክሲውን ብር፣ የልጁን ትምህርት ቤት፣ ሲታመም የሚደርስለትን ጎረቤት። እነዚህ ወጪዎች ከከተማው መዝገብ ላይ ይወርዱና ነዋሪው ኪስ ላይ ይወጣሉ።

ከብዙ ዓመት ስብሰባ በኋላ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 የሲያትል ምክር ቤት ሌላውን መንገድ አጸደቀ። ዕቅዱን ለመረዳት በአሜሪካ የቤት ጉዳይ ሁሉ የሚለካበትን ልክ ማወቅ ያስፈልጋል፤ «የአካባቢው መካከለኛ ገቢ» ይሉታል። የአካባቢውን ቤተሰቦች ሁሉ ከአነስተኛ ገቢ እስከ ትልቅ በሰልፍ ብናቆም መሐል ላይ የሚቆመው ቤተሰብ ገቢ ማለት ነው። እሱ 100 ብር ያገኛል እንበል። ከ30 ብር በታች የሚያገኘው በጣም ዝቅተኛ ገቢ ያለው ነው፤ እኔን የመሰለ የሆስፒታል ረዳት፣ ጡረተኛ፣ ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ እናት። እስከ 60 የሚያገኘው ለምሳሌ የአውቶቡስ ሾፌር ሊሆን ይችላል። እስከ 80 የሚያገኘው ጀማሪ መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ ነው።

ዕቅዱ እንዲህ ይላል። የፈረሱት 561 ቤቶች አንድም ሳይጎድል ይተካሉ፤ ከ30 በመቶ በታች ለሆኑት። በዚያ ላይ 290 ቤቶች እስከ 60 በመቶ ላሉት፣ 850 ቤቶች ደግሞ እስከ 80 በመቶ ላሉት ይሠራሉ። የቀረው በገበያ ዋጋ የሚከራይ ነው። ሁሉም ተደምሮ እስከ 5,000 ቤት ሊደርስ ይችላል። 561 ቤት በነበረበት መሬት ላይ ማለት ነው።

ገንዘቡ ከየት መጣ? ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ መልሱም ከአንድ ቦታ አይደለም። ከፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2012 በሁለት ዙር በጠቅላላው 30 ሚሊዮን ዶላር ያህል ድጋፍ ተገኝቷል። ለዚህን ያህል ግንባታ ግን ይህ ማስጀመሪያ እንጂ ማስጨረሻ አይሆንም። ሁለተኛው ምንጭ የግብር ቅናሽ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ አንድ ባንክ ወይም ኩባንያ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች በሚሠራ ሕንፃ ላይ ገንዘቡን ካዋለ፣ ለመንግሥት ከሚከፍለው ግብር ላይ ለ10 ዓመት ይቀነስለታል። በምላሹ የሕንፃው ኪራይ ቢያንስ ለ30 ዓመት ከተወሰነው ልክ እንዳያልፍ ይታሰራል። አሜሪካ ውስጥ በዚህ ዘመን የሚሠራው የዝቅተኛ ገቢ መኖሪያ አብዛኛው በዚህ መንገድ የቆመ ነው።

ሦስተኛው ምንጭ መሬቱ ራሱ ነው፤ ለእኛ አገር የሚጠቅመው ትምህርት ያለውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ባለሥልጣኑ ከመሬቱ ከፊሉን ለግል አልሚዎች ሸጧል። ከገዢዎቹ አንዱ ከማይክሮሶፍት መሥራቾች አንዱ የነበረው ፖል አለን ያቋቋመው ቩልካን የተባለ ኩባንያ ነው። ከሽያጩ የተገኘው ገንዘብ ወደ ከተማው ጠቅላላ ካዝና ገብቶ አልጠፋም፤ እዚያው ሰፈር የእኛን ቤቶች፣ መንገዱን፣ መናፈሻውን ለመሥራት ዋለ። አልሚዎቹም ከሚሠሩት ውስጥ የተወሰነውን እስከ 80 በመቶ ላሉት በተቀነሰ ኪራይ የመስጠት ግዴታ አለባቸው።

መሬቱ ለምን ውድ ሆነ? ምክር ቤቱ ባለ ሁለት ደርብ ቤት በነበረበት ቦታ ረጃጅም ሕንፃ እንዲሠራ ስለፈቀደ ነው። ፈቃዱ ለከተማው ምንም አላስወጣውም፤ የመሬቱን ዋጋ ግን ከፍ አድርጎታል። ከተማ ፎቅ ሲፈቅድ ሀብት እየፈጠረ ነው። ያንን ሀብት መሬቱን ለወሰደው ነጋዴ በነጻ ሊተውለት ይችላል፤ ወይም «ፈቃዱን ወስደህ ይህን ያህል ቤት ለነዋሪው ትሰጣለህ» ሊለው ይችላል። ካርታው ከተላለፈ በኋላ ግን ይህን ማለት አይቻልም። የመደራደሪያው ጊዜ መሬቱ ገና በከተማው እጅ ሳለ ነው።

ከቤታችን የምንነሣበት ጊዜ ሲደርስ ስብሰባ ተጠራን። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ቬትናምኛ የሚያስተረጉሙ ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶቻችን አላመንንም። እኔ ከልደታ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ «ትመለሳላችሁ» የሚል ቃል ሰምቼ ዝም ብዬ ደስ አይለኝም። ልቤን ያሳረፈው የተሰጠኝ ጽሑፍ ነው። የመመለስ መብት እንዳለኝ ይላል። እስከዚያው ድረስ እዚያው ሰፈር ባልፈረሰ ቤት፣ ወይም በሌላ ሰፈር ባለ የባለሥልጣኑ ቤት፣ ወይም ሴክሽን ኤይት በምንለው የኪራይ ድጋፍ የግል ቤት ተከራይቼ መቆየት እንደምችል ይዘረዝራል። የዕቃ ማጓጓዣውን ወጪም ባለሥልጣኑ ይችላል። እኔ የመረጥሁት እዚያው ሰፈር መቆየትን ነበር፤ ልጄ ትምህርት ቤት እንዳይቀይር።

ይህ ምርጫ ሊኖር የቻለው ሥራው በየተራ ስለሆነ ነው። ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ሜዳ አልሆነም። አንድ ጥግ ይፈርሳል፣ ሕንፃ ይቆማል፣ ሰው ይገባበታል፤ ከዚያ ቀጣዩ ጥግ ይፈርሳል። ከከበሮ ኮርት በኋላ ሬቨን ቴራስ፣ ከዚያ ሆዋ ማይ ጋርደንስ፣ ከዚያ ሬድ ሲዳር እያለ ዓመታት ወሰደ። ጊዜው ረዘመብን ብለው ያማረሩ ነበሩ፤ የግንባታው አቧራና ጩኸትም አድካሚ ነበር። እኔ ግን መዘግየቱን እመርጣለሁ። ሠርቶ ማፍረስና አፍርሶ ለመሥራት ቃል መግባት፣ ለሚነሣው ሰው ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን ወደ ልደታ ልመለስ።

እናቴ የኖረችው በቀበሌ ቤት ነው። ለማያስታውሱ ወጣቶች፦ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ከፍ ያለ ኪራይ ያላቸው ቤቶች በኪራይ ቤቶች ድርጅት ሥር ሆኑ፤ በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ደግሞ ለቀበሌ ተሰጡ። የእኛ ቤት ከእነዚህ አንዱ ነበር። ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ የጋራ ማድቤት፣ የጋራ ሽንት ቤት። ኪራዩ በወር ጥቂት ብር ነው፤ ለአሥርት ዓመታት ንቅንቅ አላለም። ኪራይ እንዲህ ሲሆን ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ የለም፤ ቤቱ እየዘመመ ሄደ። ክረምት በገባ ቁጥር ባልዲና ሳፋ እንደረድር ነበር። ይፍረስ ሲባል ቤቱ ስላሳዘነኝ አይደለም የከፋኝ። ቤቱ መፍረስ ነበረበት።

የከፋኝ ሌላ ነው። እናቴ እንጀራና ወጥ እየሠራች ምሳ ትሸጥ ነበር፤ ደንበኞቿ ልደታ ፍርድ ቤት ጉዳይ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። ጠዋት ቀጠሮ ይዘው ይመጣሉ፣ ከሰዓት ይባላሉ፣ እስከዚያ ይበላሉ። ባለጉዳይ የማይጠፋበት ፍርድ ቤት አጠገብ ስለነበረች ማስታወቂያ አላስፈለጋትም። ሰፈሩ በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲነሣ ለቀበሌ ተከራዮች የቀረበው ምርጫ ኮንዶሚኒየም መግዛት ወይም ሌላ ቦታ ያለ ቀበሌ ቤት መውሰድ ነበር። እናቴ ኮንዶሚኒየም መረጠች። የደረሳት በከተማው ዳር ያለው ጀሞ ነው። እዚያ ፍርድ ቤት የለም፤ ሥራዋም በዚያው ቀረ።

ኮንዶሚኒየሙን ማንቋሸሽ አልፈልግም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ አቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ፣ ገርጂ ላይ ከጀርመኑ ጂቲዜድ ጋር በተሠሩት የሙከራ ሕንፃዎች የተጀመረው ፕሮግራም በአፍሪካ ትልልቅ ከሚባሉት የቤት ልማቶች አንዱ ሆኗል። ብሎኬት የሚያመርቱ፣ ብረት የሚያጥፉ፣ በርና መስኮት የሚገጥሙ ብዙ ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተው ሥራ አግኝተዋል። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ መቀመጡ እናቴን የመሰሉ ብዙ ሴቶችን ባለቤት አድርጓል። ቤት ያልነበረው ሰው በስሙ ካርታ ይዞ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን አከፋፈሉን እንየው። በ20/80 ገዢው 20 በመቶውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ 80 በመቶው የባንክ ብድር ነው። የእናቴን ቅድሚያ ክፍያ ከዚህ የላክሁት እኔ ነኝ። ውጭ አገር ልጅ ያልነበራቸው ጎረቤቶቻችን ቅድሚያ ክፍያው ከየት ይምጣ? ጠላ እየሸጠች አምስት ልጅ ያሳደገችው ጎረቤታችን የወሰደችው ቀበሌ ቤት ነው፤ ከቀድሞው የማይሻል፣ ያውም የማታውቀው ሰፈር። ዕጣ የወጣላቸውም ቢሆኑ ወርኃዊ ክፍያው ሲከብዳቸው ቤቱን አከራይተው እነሱ ርካሽ ቤት የገቡ ብዙ ናቸው። በዚያው ልደታ በፈረሰው ቦታ ላይም ኮንዶሚኒየም ተሠርቷል፤ ደስ የሚሉ፣ ከታች ሱቅ ያላቸው፣ የቀላል ባቡሩ ጣቢያ አጠገባቸው የሆነ ሕንፃዎች። በእነሱ ውስጥ የሚኖረው ግን በአብዛኛው የቀድሞው ልደታ ሰው አይደለም።

ሰንጋ ተራም እንዲሁ ነው። ገዢው 40 በመቶውን ቆጥቦ 60 በመቶውን በብድር የሚከፍልባቸው የመጀመሪያዎቹ የ40/60 ቤቶች በ2009 ዓ.ም. ሲተላለፉ ሁለቱ ቦታዎች ሰንጋ ተራና ክራውን ነበሩ። ሰንጋ ተራ ዛሬ የባንኮች ሰፈር ነው፣ የከተማው ውድ መሬት። በዚያ ዕጣ ቅድሚያ ያገኙት የቤቱን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ያስገቡ ቆጣቢዎች ናቸው። ቤት የሚፈልግ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ይቅርበት የምል አይደለሁም፤ የእሱም ችግር እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ከከተማው እምብርት ያለ የሕዝብ መሬት ላይ ተሠርቶ፣ ለመግባት ሙሉ ገንዘብ ካስፈለገ፣ ያ ቤት ለማን ተሠራ?

ከእናቴ ጋር በስልክ ይህን ስናወራ አንድ ቀን እንዲህ አልኋት፦

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ጀሞ ይሻልሻል ወይስ ልደታ?»

«ቤቱ ጀሞ ይሻላል፤ ሰፈሩ ልደታ ይሻላል» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ቤቱ ግን በስሜ ነው ልጄ። ማንም ተነሺ አይለኝም። የአንቺስ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። የእኔ ቤት የእኔ አይደለም። ዕድሜ ልኬን ብከፍል ለልጄ የማወርሰው የለኝም። ገቢዬ ብዙ ቢጨምር ኪራዬም አብሮ ይጨምራል። የእናቴ ቤት በዚህ ሁሉ ዓመት ዋጋው ከገዛችበት እጅግ ብዙ እጥፍ ሆኗል፤ ብትሸጠው ገንዘቡ የእሷ ነው። ከዓመታት ስደት በኋላ በቤት ሀብት የበለጠችኝ እናቴ ናት፤ በዚህም ደስ ይለኛል።

ሆኖም እናቴ ቤቷን የሸጠች ቀን የሚገዛው ሰው እንደ እሷ ምሳ ሻጭ አይሆንም። ባለዕጣው ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ የሚከለክለው እገዳ ካለፈ በኋላ ኮንዶሚኒየም በገበያ ዋጋ ይሸጣል፤ መንግሥት በርካሽ መሬትና በድጎማ ያወረደው ዋጋ በአንድ ሽያጭ ተመልሶ ይወጣል። ጥቅሙ ለመጀመሪያው ባለዕጣ ነው፤ ለሚቀጥለው ተቸጋሪ ግን የሚተርፍ ነገር የለም። ከበሮ ኮርት ውስጥ እኔ ብወጣ የሚገባው ሰው እንደ እኔ የሆነ ነው፤ እሱም ሲወጣ እንዲሁ። እናቴ ያገኘችው የራሷ የሆነ ነገር ነው፤ እኔ ያገኘሁት ደግሞ ከእኔ በኋላም ለሌላው የሚቆይ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አንድ ከተማ መሐሉ ላይ ያለውን መሬት ሁሉ ለሽያጭ ቤት ብቻ ካዋለው ግን፣ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ መሐል ከተማው የድሃ መግቢያ የሌለው ይሆናል። ለዚህ ነው ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል ለመሐል ከተማው መሬት የኪራዩን የምመርጠው።

የስለርም የሚያሳስበኝ አለው። የተሸጠ መሬት ተሸጧል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሲያትል ሌላ ችግር ቢገጥማት ለግል አልሚዎች ያስተላለፈችውን ቦታ መልሳ አታገኘውም። ሽያጩን በረጅም ዘመን ኪራይ ቢተኩት ኖሮ ብዬ አስባለሁ፤ እኛ አገር ሊዝ የምንለው ማለት ነው። በዚህ በኩል የኢትዮጵያ ሕግ ከአሜሪካው የተሻለ መሣሪያ በእጁ አለው። መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 መሬት በጨረታም በምደባም እንዲሰጥ ይፈቅዳል፤ ለመንግሥት የቤት ልማት ፕሮግራምና በመልሶ ማልማት ለሚነሡ ሰዎች በምደባ መስጠት እንደሚቻል በግልጽ ተጽፏል። አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። በሊዝ ውሉ ላይ «ከሚሠሩት ቤቶች ይህን ያህሉ ለነባር ነዋሪ፣ በገቢው ልክ በሚሰላ ኪራይ፣ ውሉ እስኪያበቃ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። በጨረታ የሚሰጠው ቦታ ካለም፣ ከእሱ የሚገኘው ብር እዚያው ሰፈር ለሚሠራው የኪራይ ቤት እንዲውል ማሰር ይቻላል።

ኪራዩ ግን የቀበሌው ዓይነት መሆን የለበትም። ለአሥርት ዓመታት ያልተነካ ጥቂት ብር ቤትን ያፈርሳል፤ አይተነዋል። በገቢ ልክ የሚሰላ፣ ለጥገና የሚበቃ ኪራይ ይሁን። ጎረቤቱ ከፍ ያለ ኪራይ የሚከፍልበት ሕንፃ የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው፤ የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጣሪያ ይጠግናል። ገቢን በትክክል ማወቅ በእኛ አገር ከባድ ነው፤ ምሳ የምትሸጥ ሴት የደመወዝ ወረቀት የላትም። ይሁንና ሰፈርተኛው የማን ኑሮ እንዴት እንደሆነ ያውቃል። የዕድር ሰዎች የተቀመጡበት ኮሚቴ ከብዙ ቅጽ የተሻለ ሊያጣራ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምጽፈው ነገሩ ያለፈ ታሪክ ስላልሆነ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስ ተነሥተዋል። ከካዛንቺስ ብዙ ሰው በከተማው ዳር ወዳለው ገላን ጉራ ሄዷል። እዚያ የገቡት ቤት ከቀድሞው የጸዳ ሊሆን ይችላል፤ እናቴ ስለ ጀሞ ያለችውን ሳስብ ግን ካዛንቺስ ላይ ቡና አፍልታ ስትሸጥ የነበረችው ሴት ገላን ጉራ ላይ ለማን እንደምትሸጥ እጨነቃለሁ። ከተለቀቁት ቦታዎች ገና ውል ያልተፈረመባቸው ዛሬም በከተማው እጅ ናቸው። የሚሠራባቸው ሕንፃ ለአንድ ትውልድ የሚቆም ነው፤ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ያለው ጊዜ ደግሞ አጭር ነው።

ስለዚህ አንባቢው በክፍለ ከተማው ስብሰባ የመቀመጥ ዕድል ካገኘ፣ ወይም ጋዜጠኛ ሆኖ የመጠየቅ ዕድል ካገኘ፣ ስለ ሕንፃው ውበትና ስለ ፎቁ ቁጥር ከመነጋገሩ በፊት ሰነዱ ላይ አራት ነገር ይፈልግ። ከዚህ ቦታ ስንት አባወራ ተነሣ? ከሚሠሩት ቤቶች ስንቱ ለእነሱ ተብሎ ተቆጥሯል? ኪራዩ ወይም ዋጋው በምን ይሰላል? ለስንት ዓመት? እኛ የስለር ላይ 561 የሚለውን ቁጥር ይዘን ነው በየስብሰባው የገባነው፤ እንግሊዝኛ የማይችሉት እናቶች እንኳ ያንን ቁጥር በእንግሊዝኛ ይጠሩት ነበር።